«እኛ ፍርድ ቤት አይደለንም» የምትለዋ መልስ

የተከበራችሁ የኦንላይን ቡድን አስተዳዳሪዎችና አወያዮች፣ እንደምን ዋላችሁ!

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ በአባላችን ላይ የጾታዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ቅሬታ ሲቀርብ ምን እናድርግ የሚል ነው። አሠራሩን እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን ሁላችንም የምናውቃትን አንዲት መልስ ማንሣት አለብኝ፤ «እኛ ፍርድ ቤት አይደለንም፣ ማስረጃ ካለሽ ፖሊስ ጋ ሂጂ።»

እውነት ነው፣ ፍርድ ቤት አይደለንም። ማንንም አናስርም። በእጃችን ያለው ሥልጣን አድሚን ማን ይሁን፣ አዲስ ገቢዎችን ማን ያግዝ፣ በቡድኑ ውስጥ ማን ይቆይ የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ ሰውን እስር ቤት ለማስገባት የሚጠየቀው ዓይነት ማስረጃ አያስፈልግም። ማስታወቂያ የለጠፈን ሰው እኮ በደቂቃ ውስጥ እናባርራለን! ያን ጊዜ «ፖሊስ ይጠራ» ያለ ማን አለ? ፍርድ ቤት አለመሆናችን ትዝ የሚለን ቅሬታው በወዳጃችን ላይ ሲመጣ ብቻ ከሆነ፣ ሕግ አከበርን አንበል። ወዳጅ ሸሸግን እንጂ!

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዴት እንደሚበላሽ ልብ በሉ። አንዲት አባል ማታ ለአድሚኑ ትጽፋለች። የተከበረ ነባር አባል «ሥራሽን ልይልሽ» ብሎ ኢንቦክስ ገብቶ ስለ ሰውነቷ መጻፍ ጀምሯል፤ ተው ብትለውም የራቁት ፎቶውን ልኮላታል። አድሚኑ ሰውየውን ያውቀዋልና ወዲያው ደውሎ «ምንድን ነው የምሰማው?» ይለዋል። የደወለው በቅን ልብ ይሆናል። ሰውየው ግን በዚያች ጥሪ ማን እንደከሰሰችው አወቀ። በቴሌግራም የሁለት ሰዎችን ውይይት አንደኛው ወገን ብቻውን ከሁለቱም ዘንድ ማጥፋት ይችላል፤ ሰውየውም ያጠፋዋል። በማግስቱ «ማስረጃሽን ላኪ» ስትባል የምትልከው የላትም። ጫጫታው ሲበረታ አድሚኖቹ ሰውየውን ያባርሩታል፤ ሲያባርሩትም መልእክቶቹን ሁሉ አጥፋ የሚለውን ምርጫ አብረው ይነካሉ። በቡድኑ ውስጥ የጻፈው በገዛ እጃቸው ይደመሰሳል። በሳምንቱ ሰውየው ሌላ ቡድን ውስጥ ገብቶ ሌላዋን «ሥራሽን ልይልሽ» ይላታል፤ ይህችኛዋ ግን ከነጭራሹ ወጥታ ቀርታለች። ይህን ነው እንግዲህ «በውስጥ ጨረስነው» የምንለው!

ስለዚህ ቅሬታ ተቀባዮች ቢያንስ ሁለት ይሁኑ። ከተከሰሰው ጋር ወዳጅነት፣ ዝምድና ወይም የጥቅም ግንኙነት ያለው ከጉዳዩ ይውጣ። ቅሬታ አቅራቢዋ በዚያው ቀን መልስ ታግኝ፤ ደርሶናል፣ የሚያዩት እነ እገሌ ናቸው፣ እስከዚህ ቀን እናሳውቅሻለን። «ማንም አይሰማም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፣ ልትጠብቁት አትችሉምና። የሆነውን አንድ ጊዜ፣ በራሷ አገላለጽ፣ በጽሑፍ ተቀበሉ። «ታዲያ ለምን መለስሽለት?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት፤ እሱ ስለ ሰውየው ድርጊት የሚነግራችሁ ነገር የለም። ወንዶችም ይደርስባቸዋል፤ አሠራሩ ያው ነው።

ሰውየው ከመስማቱ በፊት ማስረጃው ይቀመጥ። ስክሪንሾቱ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የላኪውን ፕሮፋይል ያሳይ። በኮምፒውተር ቴሌግራም ላይ ውይይቱን ሙሉውን ኤክስፖርት ማድረግ ይበልጥ ይሻላል፤ «ቆርጣ ነው ያሳየችው» የሚለውን ክርክር ያቀልላል። ዩዘርኔም ስለሚቀየር የማይቀየረውን የአካውንቱን መለያ ቁጥር መዝግቡ። ከግሩፑ የጠፋ መልእክት በአድሚኖች የቅርብ ድርጊቶች መዝገብ ላይ የሚገኘው ለ48 ሰዓት ብቻ ነው፤ ቶሎ ግቡ። ምስሉ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅን የሚያሳይ ከሆነ ግን አትቅዱት፣ ለማንም አታስተላልፉት። ይዞ መገኘት ራሱ በብዙ አገሮች ወንጀል ነው። የት እንደተለጠፈና የማን አካውንት እንደሆነ ጽፋችሁ ለፖሊስና ለመተግበሪያው ባለቤቶች አመልክቱ። የአዋቂ ሰው ምስል ያለፈቃድ ከተሰራጨ ስቶፕ ኤንሲአይአይ፣ የልጅ ከሆነ ቴክ ኢት ዳውን የሚባሉ ነጻ አገልግሎቶች አሉ፤ ምስሉ ከስልክ ሳይወጣ ዲጂታል አሻራውን፣ ማለትም ምስሉን የሚለይ ኮድ ብቻ ወስደው ምስሉን እንዲያግዱት ለተባባሪ ድርጅቶች ይሰጣሉ።

ቀጥሎ ሰውየው አድሚን ከሆነ ሥልጣኑን አንሡ፤ ከዚያ ንገሩት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መልእክት የሚያጠፋ ሰው ቁልፉን እንደያዘ ቀረ ማለት ነው። እርምጃው ጊዜያዊ እንጂ ፍርድ አለመሆኑን ግለጹለት። የተባለውን ድርጊት፣ ቦታውንና ጊዜውን በጽሑፍ ስጡት፤ ለመልሱም 72 ሰዓት ይኑረው። ያልሰማውን ክስ እንዲመልስ መጠየቅ ግፍ ነው፤ በግሩፑ ፖል ከፍቶ «ይውጣ ወይስ ይቆይ» ማስባልም እንደዚሁ ግፍ ነው፣ ለሁለቱም ወገን!

«ሐሰት ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ለፖሊስ የቀረቡ የጾታዊ ጥቃት አቤቱታዎችን የመረመሩ ጥናቶች ሐሰት መሆናቸው የተረጋገጠውን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 በመቶ ያደርሱታል። ቁጥሩ ቅሬታን በንቀት ማየትን ይከለክላል፤ የያዛችሁትን ጉዳይ ግን አይወስንላችሁም፣ የሚወስነው ማስረጃው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጄኒፈር ፍሬይድ እ.ኤ.አ. በ1997 ያመለከተችውን የአጥፊዎች የመከላከያ ስልትም እወቁት፤ መካድ፣ ከሳሽን ማጥቃት፣ ከዚያ ራስን ተበዳይ አድርጎ ማቅረብ። መካዱ ብቻውን ምንም አያሳይም፣ ንጹሕ ሰውም ይክዳል። ጥያቄው ስለ መልእክቶቹ ሆኖ ሳለ መልሱ ስለ እሷ ጠባይ ብቻ ከሆነ ግን ጥያቄው አልተመለሰም፤ እንደገና ጠይቁት።

ውሳኔው ማስጠንቀቂያ፣ ከኃላፊነት ማንሣት ወይም ማሰናበት ይሆናል። ምክንያቱ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ለሁለቱም ይነገር። ቅሬታ አቅራቢዋ አዋቂ ከሆነች ፖሊስ ዘንድ መሄዱ የእሷ ምርጫ ነው፤ ከሄደች ያስቀመጣችሁትን ስጧት።

ዛሬ ማታ በየግሩፓችሁ የሁለት ቅሬታ ተቀባዮችን ስም ፒን አድርጉ፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። አመሰግናለሁ።