ለብቻችሁ ስትጠሩ አትፈርሙ

እንደምን አደራችሁ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። ከማታ ፈረቃ ወጥታችሁ ሳትተኙ የቀራችሁትን በተለይ አመሰግናለሁ።

የመድኃኒት ፋብሪካችን መዋቅር ይሻሻላል ከተባለ ወዲህ ማን ይቀራል፣ ማን ይሄዳል የሚለው ወሬ እንቅልፍ ነስቶናል። ሐሙስ ዕለት አንዲት የማሸጊያ ክፍል እህታችን አስተዳደር ተጠራች። ማሽኑ ፊት ቆማ ኪኒን ያልገባበትን ብሊስተር (የኪኒን ማሸጊያውን ቅጠል) እየለቀመች ነበር። «በገዛ ፈቃዴ ሥራ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ሰጧት፣ እስክሪብቶም ጨምረው። «ባለቤቴን ላማክር» ብላ ወጣች። እኔ የማኅበር ተወካያችሁ ጋ ስትደርስ ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያ ወረቀት ምን እንደሚያሳጣ ልንገራችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ሲቀነስ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። የጡረታ ጊዜው ካልደረሰ የስንብት ክፍያም አለው፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለቀጣዩ እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታሰብለታል። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። በቅነሳ ለወጣ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። እህታችን አራት ዓመት ሠርታለች። በቅነሳ ከወጣች የ120 ቀን ደመወዝ አላት። ያን ወረቀት ብትፈርም ግን አምስት ዓመት ስላልሞላት ከስንብት ክፍያው ሰባራ ሳንቲም አታገኝም።

ማን ይቀነስ የሚለውም በአለቃ ፊት አይወሰንም። ሕጉ አሠሪዎችን ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተመካክራችሁ ሙያና ምርታማነት ያለውን አስቀድማችሁ አስቀሩ ነው የሚለው። በዚህ እኩል የሆኑ ሲኖሩ ነው የአገልግሎት ዘመን የሚታየው።

ድርጅቱ መቸገሩን አልክድም። ጥሬ ዕቃችን የሚገባው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ትልልቆቹም ይቀንሳሉ፤ ኢንሱሊን የሚያመርተው የዴንማርኩ ኖቮ ኖርዲስክ እንደ ፈረንጆቹ በ2025 ወደ 9,000 ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታውቋል። እሱ ግን በአደባባይ ነው የተናገረው። እኛን አንድ በአንድ እየጠሩ ማስፈረም ምን አመጣው?

የጥራት ላቦራቶሪው ሰውም ይቀነሳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይሄ ከሁሉም ያስፈራኛል። በደንብ ያልተመረመረ ባች (በአንድ ዙር የተመረተ መድኃኒት) ከዚህ ቂሊንጦ ቢወጣ፣ አቃቂ ጤና ጣቢያ ተሰልፈው የሚቀበሉት የኛው እናቶች ናቸው።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ከማኔጅመንቱ ጋር እንቀመጣለን። እስከዚያ ለብቻው የተጠራ ሰው «ማኅበሬ ባለበት» ይበል። ወረቀት የቀረበለት ዛሬውኑ ይንገረኝ። የፈረመም ካለ አይፈር፣ ይምጣ፤ አብረን እናየዋለን። የቅጥር ደብዳቤያችሁን ፎቶ ኮፒ ስጡኝ። የቱሉ ዲምቱ ሰርቪስ እስኪነሳ ግማሽ ሰዓት አለን፤ እዚሁ ካፌው በር ላይ ነኝ።