ክለባችንን ለማን እንስጥ?

የተከበራችሁ የደጋፊዎች ማህበራችን አባላት፣ እንደምን አደራችሁ። ከቡሬ፣ ከሞጣና ከቢቸና ድረስ ተነስታችሁ ደብረ ማርቆስ ለተገኛችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዘንድሮ ከሜዳችን ውጪ ለሚደረጉ ጨዋታዎች ደጋፊ አጓጉዘናል። ለታዳጊዎቹ ኳስና ማሊያ ገዝተናል። ኮርቼባችኋለሁ። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን ያቀርበዋል።

እኔ የማነሳው ዓመቱን ሙሉ ያጨቃጨቀንን ጉዳይ ነው። ክለባችን እንደ ብዙዎቹ የሀገራችን ክለቦች የሚኖረው በከተማ አስተዳደሩ በጀት ነው። በጀት ሲዘገይ ደመወዝም ይዘገያል። ገሚሳችን "ለባለሀብት ይሰጥ" አለ፤ ገሚሳችን "በፍጹም" አለ። ስንት ብር እንዳለው ሁላችንም ጠየቅን። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። ይሄ አንገብግቦኛል።

እንግሊዝ ውስጥ ቤሪ የሚባል ክለብ አለ። በፈረንጆቹ 1885 የተመሠረተ፣ ኤፍ ኤ ካፕ የሚባለውን የእንግሊዝ ዋንጫ ሁለት ጊዜ ያነሳ። በ2018 መጨረሻ አንድ ነጋዴ በ1 ፓውንድ ገዛው። ዕዳው ቀድሞም ነበር፤ አዲሱ ባለቤት ግን የሚከፍልበትን ገንዘብ ማሳየት አቃተው። ተጫዋቾች ያለ ደመወዝ ከረሙ። በ2019 ነሐሴ ላይ ክለቡ ከሊጉ ተባረረ።

ሌላውን የእንግሊዝ ክለብ ሌስተርን ደግሞ እዩ። የታይላንዱ ቪቻይ ስሪቫዳናፕራብሃ በ2010 ሲገዙት ሁለተኛው ሊግ ላይ ነበር። ለክለቡ ያበደሩትን ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ ወደ ድርሻ ቀየሩት፤ ክለቡ ያንን ገንዘብ መመለስ ቀረለት። ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ ለወራት መጨረሻ ላይ ሲቀመጥ አሰልጣኙን በመሀል አላሰናበቱም። ቡድኑ ተረፈ። በዓመቱ፣ በ2016፣ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በላ።

ብርማ ሁለቱም ጋ ይፈለጋል። እኔ ግን የማስቀድመው ደመወዝ በቀኑ የሚከፍልን ሰው ነው። የቤት ኪራይ ያልከፈለ ተጫዋች በምን ልቡ ይሮጣል? ቀጥሎ አሰልጣኙን "የእህቴን ልጅ አሰልፍልኝ" የማይል። እኛም ሀገር ያለ ነገር ነው፣ አንደባበቅ። ተሸንፈን ስንወጣ ትሪቡን ላይ የማጣው ሰው ባለቤታችን እንዲሆን አልፈልግም። ሒሳቡንም ለደጋፊ ይግለጥ።

ይህን ለመጠየቅ ግን እኛም አፍ ይኑረን። ጀርመን ውስጥ በአብዛኛው ክለብ ከድምፁ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአባላት እጅ ነው። አባሉ መዋጮውን ይከፍላል፣ ጉባኤ ይመጣል፣ ስለዚህ ይደመጣል። የእኛ የወር መዋጮ ግን ከገባው ያልገባው ይበልጣል።

ዛሬ ያልመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ሆናችሁ ቴሌግራም ላይ "ክለባችንን ሸጡት" የምትሉ፣ ይህ ንግግር ይደርሳችኋልና ስሙኝ። እወዳችኋለሁ፤ ግን ተቀይሜያችኋለሁ። ወንበራችሁ ባዶ ነው። ድምፃችሁ እዚህ ነበር የሚያስፈልገን።

ከሻይ በኋላ ለከተማ አስተዳደሩ የምናስገባው የባለቤት መስፈርት ረቂቅ ይነበባል። ተከራከሩበት፣ ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን። ገንዘብ ያዣችን በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ መዋጮ የቀረባችሁ አሁኑኑ ክፈሉ። ጉባኤው ተከፍቷል።