አከርካሪ ላይ ለደረሰ ካንሰር የአንድ ቀን ጨረር ለምን?

[ምስል፦ ቸርችል ጎዳና ጠዋት፤ ከዚያ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ፣ ፋይል የያዙ አስታማሚዎች]

ተራኪ፦ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና የጀመረው በ1997 እ.ኤ.አ. በኮባልት ማሽን ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ሌላ የጨረር ማዕከል አልነበረም። ከክፍለ ሀገር የመጣ ታማሚ በአካባቢው አልጋ ተከራይቶ ተራውን ሲጠብቅ ኖሯል። ታዲያ ተራው ደርሶ ሐኪሙ «የእናትዎ ጨረር አንድ ቀን ብቻ ነው» ሲል አስታማሚው ይደነግጣል። «ይህን ሁሉ ጠብቀን ለአንድ ቀን? ተስፋ ቆርጠውባት ይሆን?»

ተስፋ ቆርጠው አይደለም።

የጡት፣ የፕሮስቴትና የሳንባ ካንሰር ወደ አጥንት መሄድ ይቀናቸዋል፤ ከአጥንትም አከርካሪን ይመርጣሉ። የካንሰሩ ሴሎች አጥንትን የሚያፈርሱ ሴሎችን ይቀሰቅሳሉ፤ ነርቭን የሚያስቆጡ ንጥረ ነገሮች ይፈልቃሉ፤ አጥንቱም ይሳሳል። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ሕመም የሚመጣው ከዚህ ነው። በዚህ ደረጃ የሚሰጥ ጨረር ካንሰሩን ከሥሩ ለመንቀል አይደለም፤ ሕመምተኛዋ እንድትተኛ፣ እንድትቀመጥ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ገበያ እንድትሄድ ነው።

[ምስል፦ ሦስት ቁጥሮች፦ 8 በአንድ ቀን፣ 20 በአምስት ቀን፣ 30 በዐሥር ቀን]

የጨረር መጠን የሚለካው በግሬይ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም 8 ግሬይ በአንድ ጊዜ፣ 20 ግሬይ በአምስት ጊዜ ወይም 30 ግሬይ በዐሥር ጊዜ ይሰጣል። በሺዎች በሚቆጠሩ ሕመምተኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲነጻጸሩ ሕመምን በማስታገስ ረገድ ልዩነት አልታየም፤ በየትኛውም መንገድ ከ10 ሰዎች 6 ያህሉ እፎይታ ያገኛሉ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፦ አንድ ጊዜ ከታከሙት 20 በመቶ ያህሉ፣ ብዙ ጊዜ ከታከሙት ደግሞ 8 በመቶ ያህሉ በድጋሚ ጨረር ያስፈልጋቸዋል። በእኔ አስተያየት በየቀኑ የአልጋና የታክሲ ለሚከፍል ቤተሰብ፣ በየጉድጓዱ ሲንገጫገጭ ጀርባዋ ለሚያሠቃያት እናት የአንድ ቀኑን መምረጥ ከባድ አይደለም።

«ታዲያ መጠኑን ጨምረው ለምን አይጨርሱትም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሱ ያለው አከርካሪው ውስጥ ነው። በመካከሉ ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሕብለ ሰረሰር ያልፋል። እግር የሚራመደው፣ ሽንት የሚታዘዘው በእርሱ በኩል ነው። ከተጎዳ አይተካም፤ ጉዳቱም የሚታየው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ነው። በተለመደው አሰጣጥ ጨረሩ አጥንቱን ሲመታ ሕብለ ሰረሰሩንም ይነካል፤ ስለዚህ መጠኑ የሚወሰነው እርሱ በሚችለው ልክ ነው።

[ምስል፦ ከብዙ አቅጣጫ መጥተው አከርካሪ ላይ የሚገናኙ ጨረሮች]

አዲሱ ዘዴ ይህን ገደብ ለማለፍ ይሞክራል። ጨረሩ ከብዙ አቅጣጫ ይመጣል፤ ደቦ እንደወጣ ገበሬ እያንዳንዱ ጥቂት ጉልበት ያዋጣል፣ ሥራው የሚሠራው ግን አንድ ማሳ ላይ ነው። በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት መጠኑ በፍጥነት ይወርዳል። በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ የካናዳና የአውስትራሊያ ጥናት፣ በዚህ መንገድ 24 ግሬይ በሁለት ጊዜ ከወሰዱት 35 በመቶዎቹ በሦስተኛው ወር ሕመማቸው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶላቸው ነበር፤ በተለመደው መንገድ 20 ግሬይ ከወሰዱት ደግሞ 14 በመቶዎቹ። በ2023 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ግን 16 ወይም 18 ግሬይ በአንድ ጊዜ ሰጥቶ ከተለመደው 8 ግሬይ የተሻለ ውጤት አላገኘም። ዘዴው ኤምአርአይ፣ ጥብቅ ዕቅድና ንቅንቅ የማይል ሕመምተኛ ይጠይቃል፤ አጥንቱ በኋላ የመሰበር ዕድልም አለው። አዲሱ ዘዴ እስኪመጣ ብሎ የተለመደውን ጨረር ማዘግየት በሕመምተኛ ሥቃይ ላይ መጨከን ነው።

አሁን ለአስታማሚዎች። በዝግጅቱ ቀን ቆዳ ላይ በቀለም ምልክት ይደረጋል። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነ አስቀድማችሁ ለባለሙያው ንገሩ፤ ምልክቱ ከለቀቀ ልኬቱ እንደገና ሊሠራ ነው። ከጨረሩ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ሕመሙ ሊብስ ይችላል፤ አትደንግጡ፣ ሐኪሙ ለዚህ ዴክሳሜታሶን የሚባል መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። እፎይታው እስኪመጣ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ለሕመሙ የታዘዘውን ሞርፊን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ወጌሻ ዘንድ ግን አትውሰዷቸው። በካንሰር የሳሳ አከርካሪ ሲታሽና ሲጎተት ሊደረመስ ይችላል።

[ምስል፦ የድንገተኛ ክፍል በር]

እግር ከከዳ፣ ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠ፣ በጭን መካከል ስሜት ከጠፋ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሕብለ ሰረሰሩ እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። እየተራመዱ ለሕክምና የደረሱት አብዛኞቹ መራመዳቸውን ይቀጥላሉ፤ እግራቸው ሙሉ በሙሉ ከሰነፈ በኋላ የደረሱት ግን የሚመለስላቸው ጥቂቶቹ ናቸው።

ሕመሙ ቢመለስ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ቦታ በድጋሚ ማከም ይቻላል፤ በመካከሉ ቢያንስ አራት ሳምንት ይጠበቃል። ያን ጊዜ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሕብለ ሰረሰሩ ከዚህ በፊት ስንት ግሬይ እንደ ወሰደ ነው። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የታከመው ቦታ፣ መጠኑና ቀኑ የተጻፈበትን ወረቀት ጠይቃችሁ ውሰዱ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት።