85 ለ 0

እንዴት ናችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለም። የምቀዳው መኪና ውስጥ ሆኜ ነው፣ ስለዚህ ከኋላ ጥሩምባ ብትሰሙ የጎዳናው ነው፣ ታገሱኝ።

ቺካጎ ውስጥ ሹፌር መሆኔን የቆያችሁት ታውቃላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ አዛውንት ጭኜ ሃይድ ፓርክ፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ትልቁ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ አወረድኳቸው። ከመውረዳቸው በፊት ሕንፃውን እያሳዩኝ «እዚህ ጋ እኮ ስታዲየም ነበር» አሉኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማሁ እንቅልፍ የለኝም፤ ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ።

ስለ ኳስ ነው የማወራው፣ ግን የእኛን ኳስ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካኖቹን ነው፣ በእጅ ይዘው የሚሮጡትንና ፉትቦል የሚሉትን። እግር የቱ ጋ እንደገባበት እስካሁን የነገረኝ የለም።

ዩኒቨርሲቲው ማስተማር የጀመረው በ1892 ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ገንዘቡ የሮክፌለር ነበር። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር ገና የግድግዳው ኖራ ሳይደርቅ አሞስ አሎንዞ ስታግ የሚባል አሰልጣኝ ቀጠረ፣ ያውም እንደ አስተማሪዎቹ በፕሮፌሰርነት ማዕረግ። ስታግ በመጀመሪያው ዓመት ተጫዋች ስላነሰው ራሱም ገብቶ ይጫወት ነበር። ከዚያ 41 የውድድር ዘመን እዚያው አሰለጠነ። አርባ አንድ! የዛሬ አሰልጣኝ ሦስት ዓመት ከቆየ ተመስገን ነው።

እና ጎበዞች ነበሩ፣ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ቢግ ቴን የሚባለውን ሊግ ከመሠረቱት አንዱ ናቸው፣ ሰባት ጊዜም ወስደውታል። በ1905 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቡድን 56 ጨዋታ ሳይሸነፍ መጣባቸው። 2 ለ 0 አሸነፉት። እንዴት 2 ለ 0 ይሆናል ብትሉ፣ ኳስ የያዘውን ልጅ ከራሱ የጎል መስመር ኋላ ከጣላችሁት ሁለት ነጥብ ታገኛላችሁ። በቃ በዚያች አለቀ። የዚያ ዘመን ኮከባቸው ዋልተር ኤከርሶል ይባል ነበር፣ ከተማው በሙሉ ስሙን ይጠራል፣ ዲግሪውን ግን ሳይዝ ነው ግቢውን የለቀቀው። ይህችን ያዙልኝ።

በ1935 ደግሞ ጄይ በርዋንገር የሚባል ልጃቸው ዛሬ ሃይዝማን የሚባለውን፣ የኮሌጅ ተጫዋች ሁሉ የሚያልመውን ሽልማት በታሪክ የመጀመሪያው ሆኖ ወሰደ። በዓመቱም የፕሮፌሽናሉ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫዋቾችን በተራ ሲመርጥ አንደኛ የተጠራው እሱ ነው። አልሄደም! በደመወዝ አልተስማሙም፣ አንድ ቀን እንኳን በፕሮፌሽናል ደረጃ ሳይጫወት ወደ ሌላ ሥራ ዞረ። ሽልማቱን አክስቱ ቤት በር እንዳይዘጋ ማስደገፊያ አድርገውት ነበር ይባላል። ስንቱ የሚያለቅስበትን ነገር የበር ድንጋይ!

ግን አስቡት፣ ከዚህ ልጅ አራት ዓመት በኋላ ቡድኑ የለም።

በ1929 ሮበርት ሜይናርድ ሃቺንስ የሚባል ሰው በ30 ዓመቱ ፕሬዚዳንት ሆኖ መጣ። ኳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን ይሠራል የሚል ሰው ነው። ስታግ 70 ሲሞላው ጡረታ ውጣ ተባለ። አልወጣም፣ ካሊፎርኒያ ሄዶ ሌላ ኮሌጅ ማሰልጠን ቀጠለና 102 ዓመት ኖሮ ሞተ። እዚህ ግን ነገሩ ከሱ መሄድ በፊትም መበላሸት ጀምሮ ነበር። የመጨረሻው የሊግ ዋንጫ የ1924ቱ ነው። ትምህርቱ ከባድ ነው፣ ለተጫዋች ተብሎ የሚቀልለት የለም፣ በዙሪያው ያሉት ትልልቆቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ እየገዘፉ ሄዱ።

1939ን ስሙኝ። በሃርቫርድ 61 ለ 0። በኦሃዮ ስቴት 61 ለ 0። በኢሊኖይ 46 ለ 0። በሚሺጋን፣ ያኔ 2 ለ 0 ባሸነፉት በሚሺጋን፣ 85 ለ 0። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ማለት ይሄ ነው። በዚያው ታኅሣሥ «ከዛሬ ጀምሮ ፉትቦል የለም» ተባለ። ከነገሩ ጦም እደሩ ብለው ዘጉት።

እስካሁን ድረስ ይህ ታሪክ የሚወራው እንደ ጀግንነት ነው። ለትምህርት ብለው ኳስን የተዉ፣ ገንዘብና ጭብጨባ ያላታለላቸው እየተባለ። እኔ ግን ሌሊቱን ሳነብ አንዲት ጥያቄ አልለቅ አለችኝ። በ1905 ቢሆን ይተዉት ነበር? በ1924 ዋንጫ ይዘው ሲጨፍሩ ሃቺንስ መጥቶ ዝጉት ቢላቸው ማን ይሰማዋል? ሰውዬው ኳሱን የጠላው ገና ድሮ ነው፣ ይህ አይካድም። ግን ለመዝጋት 85 ለ 0ን መጠበቅ ነበረበት። ኤከርሶልም ያለ ዲግሪ ሲወጣ ያሸንፉ ነበርና ስለ ትምህርት ክብር ሲያነሳ ማንም አልተሰማም።

ለምን እንዲህ እንደከነከነኝ ልንገራችሁ። እዚህ እንደመጣሁ ማታ ማታ አካውንቲንግ እማር ነበር፣ የት እንደሆነ ይቅር። ተውኩት። ሰው ሲጠይቀኝ «ሥራው አልመች ብሎኝ፣ ልጆቹም አባት ያስፈልጋቸዋል» እላለሁ። ሰዎች «ጎበዝ፣ ለቤተሰብህ ብለህ» ይሉኛል፣ እኔም ዝም ብዬ እቀበላለሁ። እውነቱ አንዱን ኮርስ ሁለት ጊዜ ወድቄ ነው። ልጆቹ ከዚያ በፊትም ነበሩ። ባለቤቴ ብቻ ነች የምታውቀው፣ አሁን ደግሞ እናንተ።

ወደ ስታዲየሙ ልመለስ። ፉትቦሉ ከተዘጋ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1942፣ በኛ የሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከምዕራቡ የተመልካች መቀመጫ ሥር በነበረች የስኳሽ መጫወቻ ክፍል ውስጥ ኤንሪኮ ፌርሚ የሚባል የፊዚክስ ሊቅና ጓደኞቹ በሰው እጅ የመጀመሪያውን ራሱን የሚያስቀጥል የኒውክሌር ሰንሰለታዊ ምላሽ አስጀመሩ። ሥራው ከከተማ ውጭ ጫካ ውስጥ ነበር የታሰበው፣ ግን የግንባታ ሠራተኞቹ አድማ መቱና እዚሁ ከተማው ውስጥ ተደረገ። ያገኙት ኃይል ግማሽ ዋት። አምፖል እንኳን አያበራም። ሦስት ዓመት ሳይሞላው የሂሮሺማው የአቶም ቦምብ መጣ። ቦታው ላይ ዛሬ ሄንሪ ሙር የሚባል ቀራጭ የሠራው የነሐስ ቅርጽ ቆሟል፣ ጭንቅላት ይመስላል፣ እንጉዳይም ይመስላል፣ አጠገቡ ደጋግሜ መኪና አቁሜ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ሻይ ጠጥቻለሁ።

ፉትቦሉስ? ተመልሷል! በ1963 በክለብ ደረጃ ሊጀምሩ ሲሉ ተማሪዎቹ ራሳቸው ሜዳ ላይ ቁጭ ብለው ተቃወሙ፣ የጀግንነቱ ወሬ ምን ያህል እንደገባቸው ተመልከቱ። በ1969 ግን በይፋ ተመለሰ። ዛሬ ያሉት በዝቅተኛው በሦስተኛው ዲቪዚዮን ነው፣ ለተጫዋች የስፖርት ስኮላርሺፕ በማይሰጥበት። እስካሁን ይጫወታሉ። ትናንት ቅዳሜ ሄጄ አየኋቸው። ተመልካቹ ጥቂት ነው፣ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ ከጎኔ የተቀመጠች እናት ልጇ ኳስ በያዘ ቁጥር ፊቷን ትሸፍናለች።

ለመመለስ 30 ዓመት ፈጀባቸው። እኔ ካቋረጥኩ ስድስት ዓመቴ ነው፣ መጽሐፉ ኮመዲኖ ውስጥ አለ። በሉ፣ ስልኬ ተሳፋሪ እየጠራኝ ነው። ቻው።