ሰፈሩ አማረ፣ ኪራዩስ?

በዚህ ሳምንት የአድማጮች ጥያቄና መልስ ሰዓታችን መስመሩን ለቤት ጉዳይ ብቻ ክፍት አድርገን ነበር፤ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። የቤትና የመሬት ክርክር ስይዝ የኖርኩ ጠበቃ ነኝ። ከየሰፈሩ የሚመጣው ጥያቄ መልኩ ይለያይ እንጂ ውስጡ አንድ ነው፤ አጠገባችን የሚቆመው ሕንፃ አቅማችንን ያውቀዋል ወይ? በአየር ላይ ሰዓት አልበቃ ብሎኝ ያሳጠርኳቸውን መልሶች እዚህ ዘርዘር አድርጌያቸዋለሁ። የደዋዮችን ስም አላነሣሁም።

ጥያቄ፦ ገርጂ አካባቢ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። መንገዱ ተሠርቶ ዙሪያችን ሕንፃ በሕንፃ ከሆነ ወዲህ አከራዬ “ከ6,000 ወደ 9,000 አድርሺው፣ አለዚያ ለልጄ እፈልገዋለሁ” አሉኝ። የጽሑፍ ውል የለንም።

እህቴ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለእንዳንቺ ያለው ሰው ነው የወጣው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሠራው ወረዳ ነው። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ስለዚህ “የስድስት ወር ካላመጣሽ ቁልፍ የለም” የሚል ደላላ ሲገጥምሽ ሕግ እየጣሰ መሆኑን እወቂ። ጭማሪ ደግሞ አከራዩ ጠዋት ተነሥቶ የሚወስነው መሆኑ ቀርቷል። ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያሳውቀው መጠን ብቻ ነው የሚጨመረው። ከ6,000 ወደ 9,000 ማለት ግማሽ ያህል ጭማሪ ነው። ወረዳ ሄደሽ የዘንድሮውን መጠን ጠይቂና ከዚህ ጋር አስተያዪው።

ውል ባይኖርሽም ባዶ እጅሽን አይደለሽም። ኪራዩን በባንክ ወይም በቴሌብር ስትልኪ ከነበረ የአራት ዓመት ማስረጃ ስልክሽ ውስጥ አለ። በእጅ ስትከፍዪ ከነበረ ከዚህ ወር ጀምረሽ አቁሚ፤ አዋጁም ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርሽ። ወደ ቢሮዬ ከሚመጡት ተከራዮች ብዙዎቹ ውል አላቸው፤ የተጻፈበት ኪራይ ግን የውሸት ነው። አከራዩ ግብር እንዳይበዛበት “4,000 ብለን እንጻፍ፣ አንተ 8,000 ትከፍላለህ” ይላል፤ ተከራዩም ቤቱን እንዳያጣ እሺ ብሎ ይፈርማል። ጠብ ሲመጣ ያ ወረቀት ለማንም አይሆንም። ተከራዩ 8,000 ስከፍል ነበር ብሎ ሲከራከር በገዛ ፊርማው ላይ ነው የሚመሰክረው። እንዲህ ያለ ውል ከቀረበልሽ አትፈርሚ።

ሕጉ እስከ ግቢው በር ድረስ ይሸኝሻል፤ ከበሩ ወዲያ የውኃው መክፈቻም ቆጣሪውም በአከራይሽ እጅ ነው። ስለዚህ ክስ ከማሰብሽ በፊት እሳቸው የሚያከብሩት ጎረቤት ወይም የእድር ሰው ይዘሽ ተነጋገሪ። እንቢ ካሉ ወደ ወረዳው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው። እንጀራ ጋግራ ለአካባቢው ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። እኔም ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ጀርባ ያለችው ክፍል ውስጥ ነኝ። ለልማት ትነሣላችሁ ተብለናል፤ ወይ ኮንዶሚኒየም ግዙ፣ ወይ ምትክ የቀበሌ ቤት ውሰዱ ነው የሚሉን። የቱ ይሻለናል?

በአየር ላይ ይህን ጥያቄ በሦስት ደቂቃ መልሼ ጨረስኩት፤ ቤቴ ስገባ አልተመለሰም የሚል ነገር ሲከነክነኝ አደረ።

መጀመሪያ የቤታችሁን ነገር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። እናትህ እስከ ዛሬ የሚከፍሉት ኪራይ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ ብዙ የማይርቀው ከዚያ ስለመጣ ነው። ግድግዳው ጭቃ ይሁን፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ይሁን፣ መሀል ከተማ ውስጥ በዚያ ዋጋ የሚኖርበት ሌላ ቤት የለም። እንግዲህ የምታጡት እሱን ነው፤ ሒሳባችሁን ከዚያ ጀምሩ።

ባለይዞታ ቢሆኑ ኖሮ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለሠሩት ቤት ካሳና ምትክ ቦታ ይጠይቁ ነበር። ከሰፈር መነቀልንም ሕጉ ይቆጥረዋል፤ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ የሚባል ነገር አለ። የመሬቱ ዋጋ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ለባለይዞታም አይከፈልም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ሁለት ምርጫ ብቻ ነው የሚቀርብለት፤ እነዚያው የተነገሯችሁ።

ኮንዶሚኒየሙን ከመረጣችሁ ቅድሚያ ክፍያው አለ፤ የባንክ ዕዳው በየወሩ አለ፤ ቤቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይጨረስ ነው የሚሰጠው። ሴራሚክ፣ የውስጥ በር፣ ቀለም፣ የወጥ ቤት ዕቃ በገዢው ላይ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ የማጠናቀቂያ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ለመስማት መርካቶ አንድ ሱቅ መግባት ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ግን የእናትህን ምጣድ አስበው። ገላን ጉራ ወይም ቦሌ አራብሳ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው በቀን ስንት እንጀራ ይጋግራሉ? ጭራሮ የለም፤ የኤሌክትሪክ ምጣዱን መስመሩ ይሸከማል ወይ? እንጀራው በምን ተጭኖ ነው ካዛንቺስና አራት ኪሎ የሚደርሰው? ገቢያቸው ከደንበኞቻቸው ጋር አንድ ሰፈር መኖራቸው ነው። ኮሚቴው ፊት ስትቀርቡ “ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ይሰጠን፣ ለንግድ የሚሆን ቦታ ይታሰብልን” ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተነገረ ነገር ሲነጋ የሰማው ሰው አይገኝም። ዕድሜያቸውንና የጤናቸውን ሁኔታ የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ካላችሁ አያይዙት።

አሁን ደግሞ ስለ ራስህ። አንተ በሕጉ ቋንቋ ደባል ነህ። ቆጠራ ሲመጣ የሚመዘገበው የቤት ቁጥሩ ነው፤ ሁለት አባወራ በአንድ ቁጥር ውስጥ ሲኖር ሁለተኛው የሚረሳበት ጊዜ ብዙ ነው። ዛሬውኑ ወረዳ ሄደህ የቤተሰብ ቅጹ ላይ የአንተ፣ የባለቤትህና የልጆችህ ስም መኖሩን አረጋግጥ፤ መታወቂያህ ላይ ያለው የቤት ቁጥርም አንድ መሆኑን እይ። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ይህን ማስረዳት በጣም ከባድ ነው።

ምርጫውን ለእናንተ ልመርጥላችሁ አልችልም። ግን እኔ ብሆን፣ ገቢዬ በየቀኑ የሚገኝ ከሆነና ባንክ ያለኝ ገንዘብ ማጠናቀቂያውን የማይችል ከሆነ፣ የባለቤትነት ደብተር አጓጉቶኝ የባንክ ዕዳ አልገባም ነበር። ለሥራ የሚቀርብ ምትክ የቀበሌ ቤት ካለ እሱን እይዝ ነበር። ብዙ ሰው በዚህ እንደማይስማማኝ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 ባለ አንድ መኝታ ተመዝግቤ በየወሩ 274 ብር ሳላቋርጥ ቆጥቤያለሁ። አሁን ልተወው ወይስ ልቀጥል?

እስቲ እናስላው። 274 ብር በ12 ወር 3,288 ነው፤ በ12 ዓመት 39,456 ብር፣ ወለዱ ሳይታሰብ። ሲመዘገቡ ቁጠባው የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ይሸፍናል፣ ቀሪውን 80 የባንክ ብድር ይሸፍናል ተብሎ ነበር የተሰላው። ያ ስሌት የያኔው ሲሚንቶና የያኔው ብረት ነው። ዛሬ ዕጣ ቢወጣልዎ በቆጠቡት ላይ ብዙ መጨመርዎ አይቀርም።

ቢሆንም አይተዉት። ቁጠባ ማቋረጥ ከዕጣው ያስወጣል፤ ወረፋውን አንዴ ከለቀቁት መመለሻ የለውም። ዕጣው ራሱ እምነት እንደጎዳ አውቃለሁ፤ በሐምሌ 2014 የወጣው ከ25,000 የሚበልጡ ቤቶች ዕጣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰርዞ በ2015 ዓ.ም. እንደገና መውጣቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። እኔ የምመክርዎ ቁጠባውን እንደ ወረፋ ቁጥር እንዲይዙትና፣ ለቤት የሚሆነውን ገንዘብ ግን በሌላ በኩል እንዲያስቡ ነው።

ጥያቄ፦ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገዝቻለሁ። ሻጩ ገና አምስት ዓመት ስላልሞላው ስሙ አልዞረልኝም፤ ውክልና ሰጥቶኛል። ችግር አለው?

አለው፣ ወንድሜ። በዕጣ የተገኘ ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላው ለሌላ ማስተላለፍ ክልክል ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መመዝገብ አለበት። አንተ እጅ ያለው ውክልና ነው። ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገ ቀን ይሽረዋል፤ ከሞተም ያበቃል። ሰውየው ነገ አንድ ነገር ቢሆን ወራሾቹ የሚያውቁት የአባታቸውን ቤት እንጂ የአንተን ገንዘብ አይደለም። ባለትዳር ከሆነ ሚስቱ አልፈረመችም ማለት ደግሞ ሌላ ክርክር ነው።

የከፈልክበትን የባንክ ማስረጃ አንድም ሳይቀር ሰብስብ። አምስት ዓመቱ በምን ቀን እንደሚሞላ ከውሉ ላይ አይተህ ያዝ፤ ሲሞላ በማግስቱ ስሙን ለማዞር ሂድ። እስከዚያ ድረስ ከሻጩ ቤተሰብ ጋር በበዓልም በለቅሶም አትጥፋ። ይህ የሕግ ምክር አይመስልም፤ ብዙ ቤት ያዳነ ምክር ግን ነው።

ጥያቄ፦ የብሎካችንን ኮሙናል ኮሚቴው ለእንጨት ሥራ አከራይቶታል። ለቅሶ ሲደርስብን ድንኳኑን መንገድ ላይ ነው የምንጥለው።

ኮሙናሉ የታሰበው ለእርድ፣ ለድግስ፣ ለጋራ ማብሰያ ነበር። በጋራ ሕንፃ ሕግ የጋራ መጠቀሚያ ነው፤ ሊከራይ የሚችለው ጠቅላላ ጉባኤው ሲወስን፣ ገንዘቡም ለሁሉም ሲታይ ነው። ቃለ ጉባኤውን ጠይቁ። ቃለ ጉባኤ ከሌለ ጉባኤ ጥሩ። እኔ ራሴ በምኖርበት ብሎክ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞን ነበር፤ የኪራዩ ገንዘብ ለውኃ መግፊያ ፓምፕ እንዲውል ተስማማን፣ ጄሪካን ተሸክሞ አራት ፎቅ መውጣት ቀረ። ድንኳኑ ግን እስካሁን መንገድ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ከሪያድ ነው። ሰው ቤት እየሠራሁ ባጠራቀምኩት ከሪል ስቴት ቤት ገዝቼ ግማሹን ከፈልኩ። ርክክቡ ካለፈ ሦስት ዓመት ሆነው፤ አሁን “ዕቃ ስለተወደደ ጨምሪ” ይሉኛል።

ልጄ፣ ገንዘብ ከመጨመርሽ በፊት ሦስት ወረቀት እንዲልኩልሽ ጠይቂ፤ የቦታው ይዞታ ማረጋገጫ፣ የግንባታ ፈቃዱና ቦታው በባንክ ዕዳ መያዝ አለመያዙን የሚያሳይ ማረጋገጫ። ከዚያ ውልሽን አንብቢ፣ ወይም የምታምኚው ሰው ያንብብልሽ። ዋጋው የማይለወጥ ነው ይላል ወይስ “እንደ ገበያው ሁኔታ” የሚል ቃል ተሰንቅሮበታል? በርክክብ መዘግየት የሚከፈል መቀጫ አለ? ዋጋው የማይለወጥ ከሆነና የዘገዩት እነሱ ከሆኑ፣ በእነሱ መዘግየት የመጣ ውድነት አንቺ ላይ የሚጫንበት ምክንያት አይታየኝም። በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትን የሚመለከት አዋጅ ወጥቷል፤ ያንቺ ውል ግን ከዚያ በፊት የተፈረመ ስለሆነ መጀመሪያ የሚታየው በውሉ ላይ ያለው ቃል ነው።

በቪዲዮና በፎቶ አትተማመኚ። ዘመድሽ ቦታው ድረስ ሄዶ ያንቺ ፎቅ መድረስ አለመድረሱን በዓይኑ ይይ።

ልጅቷ ውሉን ልታነብልኝ ወረቀቱን ስትገልጥ ይሰማኝ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ካርዷ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ። ይህን የምታነቢ ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ደውዪ፤ የመጀመሪያውን መስመር ላንቺ እናስቀምጣለን።