ርካሽ ጉልበት አለን ማለት አይበቃም

የተከበራችሁ የኢንቨስትመንት ባለሙያዎች፣ የከተማ አመራሮች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

የውጭ ባለሀብት ፊት ስንቀርብ አፋችን ላይ የሚቀድመው ርካሽ ጉልበታችን ነው። ይህን ማስታወቂያ እንድንተወው ልጠይቃችሁ ቆሜያለሁ።

የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመልከቱ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ፒቪኤችን የሚያህል የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ የሳበው የደመወዝ ማነስ ብቻ አልነበረም። አጎዋ በሚባለው፣ ለአፍሪካ አገሮች ምርት የቀረጥ ነፃ ዕድል በሚሰጠው የአሜሪካ ሕግ ምክንያት ከእኛ የሚሄድ ልብስ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ያለ አጎዋ በጥጥ ቲሸርት ላይ 16.5 በመቶ፣ በሰው ሠራሽ ክር ከተሠራ ደግሞ 32 በመቶ ይከፈል ነበር። ትርፉ ስስ በሆነ ሥራ ይህን ከልብስ ሰፊዋ ደመወዝ ቆርጦ ማካካስ አይቻልም። የሰሜኑ ጦርነት ሲከፋ፣ በኅዳር 2014 ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በታኅሣሥ አጎዋም ተነሣብን። ደመወዛችን ያን ጊዜም ዝቅተኛ ነበር፤ አላስቀራቸውም።

ፋብሪካ የሚያቋቁም ሰው የሚያሰላው ቀን ነው። ጨርቁ፣ ክሩ፣ ዚፑ አብዛኛው ከእስያ ተጭኖ ጅቡቲ ይደርሳል። ባቡሩ ሐዋሳ ስለማይገባ ቀሪው መንገድ በከባድ መኪና ነው። ተሰፍቶ ሲያልቅ ያው መንገድ እንደገና። አንዲት ካርቶን ዚፕ ጉምሩክ ብትቆይ የጃኬቱ መስመር በሙሉ ይቆማል፤ ሰፊዎቹ ማሽናቸው ፊት እጃቸውን አጣምረው ይቀመጣሉ። ለብርድ የታዘዘ ጃኬት ብርዱ ካለፈ በኋላ ቢደርስ ማን በሙሉ ዋጋ ይገዛዋል?

ስለ ሠራተኞቹም ዝም ማለት አልችልም። ፓርኩ ሥራ በጀመረባቸው ዓመታት የጀማሪ ደሞዝ በወር 750 ብር ገደማ ነበር። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች የቤት ኪራይ እየተጋሩ፣ ከምግብ እየቆጠቡ ሠርተዋል። ብዙዎቹ እጃቸው ሳይፈጥን ጥለው ወጡ። አሠልጥኖ ማጣት፣ እንደገና ቀጥሮ ማሠልጠን፤ በወረቀት ላይ ርካሽ የነበረው ጉልበት ፋብሪካው ውስጥ ውድ ሆነ። ኩባንያዎቹ ይህን ያያሉ፣ ለሌሎችም ይናገራሉ።

ስለዚህ በጀት ስትይዙ ከአዲስ ሼድ በፊት የሠራተኛ መኖሪያ ይቅደም። ጉምሩክ ሌሊትም ይሥራ፤ ዚፕና ቁልፍ እዚሁ የሚያመርቱ ያገር ልጆች ብድር ያግኙ። ከሚቀጥለው ባለሀብት ጋር ስትቀመጡም አንድ ኮንቴይነር ከጅቡቲ ፋብሪካው በር ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት በጽሑፍ አስቀምጡለት።

አመሰግናለሁ።