የዓሣውን ስም ከየት ነው የምናመጣው?

ጤና ይስጥልኝ። ከጣና ዙሪያ የመጣችሁ ወጣት የዓሣ ባለሙያዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ልለምናችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። መዝገብ ላይ የዓሣ ስም ከመጻፋችሁ በፊት ስሙን ከየት እንዳመጣችሁት እወቁ።

ቆሮሶና አምባዛ ለመለየት ብዙ አያስቸግሩም። ጣጣው ያለው ነጭ ዓሣ ላይ ነው። ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የምንለው በሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚባለው ወገን ሲሆን፣ ሐይቁ ውስጥ 15 ያህል ዝርያ አለው። ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ ይበላሉ፤ ካርፕ በሚባለው ዓሣ ዘመዶች ዘንድ ይሄ ብርቅ ነው። ብዙዎቹ ክረምት ሲመጣ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ይወጣሉ፣ የወንዙ አፍ ላይ ደግሞ መረብ ይጠብቃቸዋል። እኛ ሁሉንም «ነጭ ዓሣ፣ ይህን ያህል ኪሎ» ብለን ከመዘገብን የትኛው እየጠፋ እንደሆነ በምን እናውቃለን? አንዱ ዝርያ ጭራሽ ቢያልቅ እንኳ ድምሩ ላይ ላይታይ ይችላል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ብዙ ሰው ስልኩን አውጥቶ ተመሳሳይ ፎቶ ይፈልጋል። አይበቃም። የአፉ አቀማመጥ፣ የከንፈሩ ውፍረት፣ የዓይኑ መጠን ከጭንቅላቱ አንጻር፣ እነዚህ ሁሉ መለካት አለባቸው፣ ዓሣው ሲያድግም ይለወጣሉ።

ፊሽቤዝ የሚባለው የኢንተርኔት የዓሣ መረጃ ቋት ነጻ ነው፣ ከ35,000 በላይ ዝርያ ይዟል፣ ከእሱ ጀምሩ። ግን መረጃው ከየትኛው ጽሑፍ እንደተወሰደ እዚያው ተጠቅሷልና ወደ ጽሑፉ ራሱ ሂዱ። ስም ሲምታታባችሁ የካሊፎርኒያ ሳይንስ አካዳሚን የዓሣ ስሞች ካታሎግ ክፈቱ። የሳይንስ ስም አሰጣጥን ሥርዓት ያስያዘው ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት ቆሮሶ በኋላ ቲላፒያ፣ ቀጥሎ ሳሮቴሮዶን፣ አሁን ደግሞ ኦሪዮክሮሚስ ሆኗል፤ ይህን ያላወቀ ሰው የድሮ ሪፖርት ሲያነብ አንዱን ዓሣ ሦስት አድርጎ ይቆጥራል። የጣና ነጭ ዓሦችም በቆዩ ጽሑፎች ውስጥ ስማቸው ባርበስ ነው።

ለጣና ነጭ ዓሣ ግን ዋናው የተመራማሪዎቹ የናግልከርከና የሲቢንግ ሥራ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ሰባት አዳዲስ ዝርያዎችን ለይተው አሳትመዋል። አትሙትና ጀልባ ላይ ይዛችሁት ውጡ። ዲኤንኤ ይገላግለናል የምትሉ አላችሁ፣ ግን እነዚህ ዓሦች በጣም የቅርብ ዘመዳሞች ስለሆኑ የተለመደው የዲኤንኤ ባርኮድ፣ ማለትም ዝርያን በአንድ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ የመለየት ዘዴ፣ ለይቶ አይነግራችሁም።

ከጽሑፍም በላይ ደግሞ ዓሣው ራሱ አለ። ጀርመናዊው አሳሽ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጣና የወሰዳቸው ዓሦች ዛሬም ፍራንክፈርት፣ ዘንከንበርግ ሙዚየም ተቀምጠዋል፣ ክርክር ሲነሳ ተመራማሪ እዚያ ሄዶ ያያቸዋል። እኛስ የያዝነውን የት እናስቀምጣለን? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። የተጠራጠራችሁትን ዓሣ በግራ ጎኑ አስተኝታችሁ ሳይሆን ግራ ጎኑ እንዲታይ አድርጋችሁ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አኑራችሁ ፎቶ አንሱት። ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። ከክንፉ ትንሽ ቆርጣችሁ አልኮል ውስጥ አስቀምጡ፣ ዓሣውን ፎርማሊን ውስጥ። ካልለያችሁት «ላቢዮባርበስ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብላችሁ ጻፉ። ምንም አያሳፍርም፤ የተሳሳተ ስም ግን ለዓመታት ከሪፖርት ወደ ሪፖርት ሲገለበጥ ይኖራል።

በየቢሮው መሳቢያ ውስጥ የቆዩ የመረብ መዝገቦች ያሏችሁ ደግሞ እባካችሁ አትጣሏቸው። ከስብሰባው በኋላ አነጋግሩኝ፣ አብረን ቁጭ ብለን እናያቸዋለን። አመሰግናለሁ።